ቁመት አይታለብም

በሰኔ መባቻ እናቴ ደወለች፣
«ሳሩ ጉልበቴ ላይ ደረሰልህ» አለች።
ቱሪን ነኝ፣ በሰው ቤት፣ መሰላል ላይ ቆሜ፣
ስልኩን በትከሻ ከጆሮዬ አጋጥሜ።

«ገና ቅጠል ነው» አለች፣ «አገዳ የለውም፣
ጥርሱ የረገፈ በሬ አይቸግረውም።
ማጭድህን ይዘህ ና፤ አሁን ነው ሰዓቱ፣
የዦያና ወተት እዚህ ውስጥ ነው ቤቱ።»

ዦያና ላማችን ናት፣ ግንባረ ቦቃ፣
በካርፓቲያ ዳገት ወጥታ ወርዳ ያደገች፣
ሳርን ከገለባ የምትለይ ጠንቅቃ።

እኔ ግን መለስሁላት፣ እንደ ሒሳብ አዋቂ፦
«ትንሽ ይርዘም እማ፤ ሁለት ሳምንት ጠብቂ።
ቁመቱ ሲጨምር ክምሩ ይጨምራል፤
ክምሩ ከበዛ በረዶው ያጥራል።»

«ግሊጎር፣ ቁመት እኮ አይታለብም» አለች፣
ስልኩን ዘጋች።

ሁለቱ ሳምንት አራት፣ አራቱ ስድስት ሆነ፤
ደመወዜ በ«ነገ»፣ በ«ነገ» ባከነ።
እሷ ግን አልተወችም፤ በየእሑዱ ማታ
ወሬ ታደርሰኛለች፣ ሜዳውን ተመልክታ፦

«ዛሬ ራስ አወጣ፤ ሆዱ ተገለጠ።»
«ዛሬ አበባው ፈካ፤ ዳገቱ አጌጠ፤
መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያደንቀዋል፤
እኔ ታች ወርጄ ግንዱን ሳጎነብሰው
እንደ ሽቦ ተመልሶ ይመታኛል።»

«ስኳሩ ከቅጠሉ ተነሥቶ ሸሽቷል፣
ላይ ወጥቶ ለልጁ፣ ለዘሩ ስንቅ ሰጥቷል።
አገዳው ባዶ ቤት፣ ምሰሶ ብቻ ነው፤
ሳር አትበለው አሁን፣ ቀጭን እንጨት ነው።»

በነሐሴ እኩሌታ አውቶቡስ አወረደኝ።
ሳሩ እስከ ደረቴ እንደ ሰው ተቀበለኝ።
ማጭዴን ስሰነዝር ሸክ ማለቱ ቀርቶ
ቃጭ ይል ነበረ፣ ዘሩን በጫማዬ ላይ ዘርቶ።

ስምንት ክምር ቆመ። ጎረቤት ቶአደር
ባርኔጣውን አንሥቶ፣ «ይህ ነው ጠግቦ ማደር!»
እናቴ አልመለሰች። አንድ ዘንግ መዘዘች፤
በጥርሷ ሰበረችው፤ ሲጮህ ሰማሁ፤ ተፋች።

ጥር ላይ ስልኬ ጮኸ። ቃል አልተናገረች፤
ስልኩን ከግርግሙ አፋፍ አስቀመጠች።
ሰማሁ፦
ኩርሽም፣
ኩርሽም፣
ረጅም ዝምታ፣
ደግሞ ኩርሽም።
ላም ስትበላ ሳይሆን አናጢ ሲሠራ ይመስላል።

«ሰማህ?» አለች።
«ጎተራው ሙሉ ነው፣ በሩ አልዘጋ ብሏል፤
ሆዷም ሙሉ ነው፤
ከሆዷ በታች ያለው ግን ባዶ ውሏል።
ቀኑን ሙሉ ታመነዥካለች፣
ሌሊቱን ታመነዥካለች፣
ጧት አንድ ጣሳ ትሰጠኛለች።
የጎኗ አጥንት እንደ መሰላልህ ይቆጠራል።»

መሰላሉ ላይ ነበርሁ። ወረድሁ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ለአለቃዬ ሳልነግር፣
ሳሩ ራስ ሳያወጣ ገባሁ ወደ ሀገር።
አጨድሁት በለጋው። ቶአደር ሳቀብኝ፣
«የዶሮ ጎጆ ነው!» ብሎ አላገጠብኝ።
ዝናቡም አላዘነም፤ ሦስት ቀን ዘነበብኝ፤
ግማሹ ሻገተ፣ ጠቁሮ ቀረብኝ።

እናቴ ከተረፈው አንድ እፍኝ አነሣች፤
አረንጓዴ ነበር።
አሸተተችው።
«ሻይ ይፈላበታል» አለች።
ሌላ ምንም አላለች።

ደግሞ ጥር መጣ። መስኮቱ ላይ በረዶ፣
እኔ ሌላ ሕንጻ፣ ሌላ መሰላል ላይ።
ስልኩ ጮኸ። ቃል የለም።
መጀመሪያ የባልዲው ብረት፦
ጭርር... ጭርር... ጭርር...
ከዚያ ድምፁ እየወፈረ፣ ብረቱ እየጠፋ፣
ወተት ወተት ላይ ሲወርድ ብቻ
የሚሰማው ያ አረፋ።
መቁጠር ጀመርሁ። ተውሁት።

«ሥራ!» አለ ከታች አዲሱ አለቃዬ።
እጄን አነሣሁ፤
ይጠብቅ።