ዝናብ ከፋቹ

ዶንዲራም ይሉኛል፤ ዝናብ ነው ሥራዬ፤
ሰማይ እምቢ ሲል ይታዘዛል ቦቴዬ።
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በግንቦት ሐሩር፣
ከብረት መሰላል ጫፍ ቧንቧዬን ስዘውር፣
«ዝናብ!» ይላል አንዱ በድምፅ ማጉያ፤
እከፍተዋለሁ፣ ለፍቅር መታያ።

ከታች ቢጫ ሳሪ የለበሰች አለች፣
ጥርሷ እየተንገጫገጨ ፈገግ ያለች።
ወንዱም አለ፣ ሸሚዙ ደረቱ ላይ የተጣበቀ፣
ቀርቦ፣ ቀርቦ፣ ትዕግሥቱ ያለቀ።
ከንፈር ለከንፈር አንድ ስንዝር ሲቀረው፣
ካሜራው ያፍርና ወደ አበባ ይዞራል፤
ቀሪውን ለንብ ነው የሚተወው።
«አሁንም አልሆነም!» ይላል ዳይሬክተሩ፣ «እንደገና!»
አሥራ አንዴ ተዋደዱ፣ አሥራ አንዴ ፎጣ መጣና
ደረቁ።

የኔ ቤት ጋትኮፓር ነው፣ ሙምባይ፣ ከኮረብታው ወገብ፤
ውሃው ጠብ ይላል፣ ሰዉ ይነሣል ለጠብ።
ራክማ ትሰለፋለች ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣
ሁለት ጀሪካን ይዛ፣ አንዷ ክዳን የሌላት።
እዚያ ማዶ ምን ያህል እንደማፈስ ነግሬያት አላውቅም፤
ባል ሁሉ ምስጢር አለው፤ የኔ ግን ሴት አይደለችም፣
ውሃ ነው።

ፊልሙ የወጣ ዕለት ወሰድኳት ሲኒማ፤
ጃስሚን ጸጉሯ ላይ ሰክታ መጣች ራክማ፣
ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ወንበር ላይ አጣጥፋ፣
የሳሪዋን ጫፍ ለዕንባ ገና ሳይጀመር አሰልፋ።

ያ ቤት! ባለ አርባ ደረጃ፤ ማን ይሆን የሚጠርገው?
እናቲቱ የልጇን ፊት በትሪ መብራት የምትዞረው፤
አራት መቶ ሰው በአንድ እግር የሚጨፍርበት ሠርግ፤
(በእኛ ሠርግ ከበሮ መቺው ሰክሮ ተኝቶ ነበር፣ ከጋሪው ሥር፣ ጥግ።)
አማትየዋ ምራቷን ይቅር ስትል፣ ራክማ ተንሰቀሰቀች፤
«የኔዋ ሽንኩርት ትቆጥርብኝ ነበር» አለች።

ከዚያ ዝናቤ መጣ። አዳራሹ ጸጥ፤ ፉጨቱም ጠፋ።
እኔ ነኝ ያን ያዘነብኩ! ደረቴ ተነፋ።
ጠጋ አለች ወደ ጆሮዬ፤ የጸጉሯ ሽታ፣ ትንፋሿ፤
የፍቅር ቃል ስጠብቅ፣
«ስንት ጀሪካን ነው?» ሆነ ጥያቄዋ።

«ሁለት መቶ» አልኩ። ዋሸሁ። ሦስት ቦቴ ነበር።
እጇን ከእጄ አወጣች። ዘፈኑ ደረሰ፣ ቫዮሊኑም ጭምር።
ቆይታ መለሰችው። «ይሁን፤ ልጅቷ ታምራለች።
ብቻ ጉንፋን ሊይዛት ነው፤
እናቷ የት አለች?»

ሰኔ ገባ። አንድ ሌሊት፣ ማንም ሳያዝዘው፣
ድምፅ ማጉያ ሳይጮኽ፣ ሰማዩ ራሱ ከፈተው።
መንደሩ ወጣ፤ በሳፋ፣ በድስት፣ በሕፃን ማጠቢያ ገንዳ፤
ራክማም በባዶ እግሯ፣
ሳሪዋ ገላዋ ላይ ተጣብቆ፣ የሃምሳ ዓመት ኮረዳ።
ትስቃለች፣ ትሳደባለች፣ የጎረቤት ሳፋ ታቃናለች፤
ለአንዷ አሮጊት ጀሪካን ትይዛለች።
ቫዮሊን የለም፤ ቆርቆሮው ብቻ ነው የሚደልቀው፤
እጄ በልማዱ ቧንቧውን ፈለገ፣ ሊዘጋው።
«ይበቃል» የሚል የለም።
ቀና ብላ አየችኝ፤
በሠላሳ ዓመት ትዳር እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

አፈርኩና ዞርኩ ወደ ቱልሲዋ፣
የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ወዳለችው፤
ንብ አልነበረባትም። ጠብታው ቅጠሏን ጎንበስ ቀና ያደርጋታል።
«አንተ ሰውዬ! ምን ትገተራለህ? ባልዲውን አምጣው!»