ደጅ ጥናት

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በጃንጥላዬ ጥላ፣
ጣናን አድርጌ ከኋላ፣
ሠላሳ ዓመት ጻፍሁኝ፣ የሌላ ሰው እንባ፤
ገጹን በሃምሳ ብር፣ ቴምብሩ ሳይገባ።
የጠፋ ፋይል አለ፣ የታጠረ ቦታ፣
ሁሉም የሚጀመር፣ በ‹ክቡር› ሰላምታ።

ትናንት አንሙት መጣ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣
ባጃጁ ሳይቆም ገና፣ ከሩቅ ይናገር ነበር።
«ሦስት ገጽ ጻፍልኝ፤ ባሕር ማዶ ነው የሚሄደው፣
ተርጓሚ ይጠብቃል፣ ቀነ ገደቡ ሐሙስ ነው።»

ሎቢ ይሉታል፤ እኔ ግን ነገሩን አውቀዋለሁ፣
አባቴ ‹ደጅ ጥናት› ሲለው ሰምቻለሁ፤
የጌታውን በር ማሞቅ፣ ጠዋት ማታ እጅ መንሳት፣
ጌታው ባልተገኘ ጊዜ፣ አሽከሩን በማር መርታት።
ዛሬ ደጅ ጥናቱ፣ ክራቫት አጥልቆ፣
በሰዓት ይከፈላል፣ በደረሰኝ ታውቆ።

ገጽ አንድን ጻፍሁለት።
የትኛው መሣሪያ ሻጭ፣ የትኛውን ሹም እንደጋበዘ፣
የትኛው መንግሥት በስንት፣ የማንን ዝምታ እንደያዘ፣
ስሙን፣ ቀኑን፣ ድምሩን፣ የምክር ቤቱን ቆጠራ፤
እንዲህ ያለውን ነገር፣ ለመጻፍ እጄ አይፈራ።

ገጽ ሁለት ላይ ደግሞ፦
«እኛም በበኩላችን፣ ሎቢ ቀጥረናልና፣
መዋጮው ገብቷልና…»
ቀና አልሁና አየሁት፤ አላፈረም ገና።

ገጽ ሦስት ስንደርስ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣
ወንበሩን አስጠጋ፣ ጆሮዬን ፈለገ።
«እንግዲህ ዋናው ይሄ፦ የዚያ ቤት ቁልፍ ያለው
ከአይሁድ እጅ ነው። ባንኩም ጦርነቱም የእነሱ ነው።
አንድ ናቸው ሁሉም፤ በደም ይጠራራሉ፣
ማታ ተሰብስበው፣ ዓለሙን ይበላሉ።»

ይበላሉ።
እስክሪብቶዬ ቆመ።
ይህን ግስ አውቀዋለሁ፤ ከቤታችን ሳጥን ውስጥ ከርሟል፣
በአባቴ የእጅ ጽሑፍ፣ በአሥራ ሰባት ጣት ተፈርሟል።

ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ግድም፣
ጠረፌ ሸክላ ታበስል ነበር፤ ቅዳሜ ግን እሳት አታነድም።
ቤተ እስራኤል ነበረች። ሰፈሩ ሌላ ስም ነበረው፣
ቀን እንስራዋን ገዝቶ፣ ማታ የሚያንሾካሹከው።
የጎረቤት ልጅ ታሞ፣ በወባ ሦስት ቀን ነዶ፣
ሞተ። ‹ጠረፌ በላችው!› አለ ሰፈሩ ማልዶ።
አባቴም ጻፈው፦ ‹ክቡር ሆይ፣ እኛ አመልካቾች…›
ባማረ እጁ።
ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልጎደለውም።

ኋላ፣ ወገኗ ወደ ሱዳን በእግሩ ሲነጉድ፣
እሷም ተነሣች። ትድረስ አትድረስ፣
የሚነግረን አልተገኘም።
እንስራዋ ግን እቤታችን አለ።
በጋም ቢሆን ውሃው ይቀዘቅዛል።
አባቴ እስኪሞት ከእሱ ጠጣ፤
እኔም፣ ዛሬ ጠዋት።

«ይሄን አልጽፍም» አልሁት።
«ወገንህላቸው?»
«መንግሥቱን ክሰስ፤ ጥይቱን፣ ሬሳውን ቁጠር፤
ማን ለማን ስንት እንደከፈለ፣ ከነደረሰኙ አምጣ፤
እጽፈዋለሁ፣ በነጻ እጽፈዋለሁ።
በሩን የገዛ ሰው ስም አለው።
ስም አጥቶ ዘር የሚቆጥር ክስ ግን
ቡዳ ፍለጋ ነው፣
ልጁ በወባ እየሞተ።
ደግሞስ አንሙት፣ አንተም እኮ ደጅ ልትጠና ነው፤
ያንተ መዋጮ ምን ይባል?»

ሳቀ። ተቆጣ። እንደገና ሳቀ።
የሁለቱን ገጽ ከፈለኝ፣
አንድ መቶ ብር፣ ጠርዟ የተቀደደች።
ከእኔ አራት እርምጃ አልፎ፣
ጃንጥላው አዲስ፣ ኮምፒውተር ያለው ልጅ አለ፤
እዚያ ሄዶ ተቀመጠ።

ከሐይቁ ነፋስ መጣ፣ ደንገልና ዓሣ የሚሸት።
ወረቀቴን በድንጋይ ጫንሁ።
የልጁ ጣቶች ሲንኳኩ ይሰማኛል፤
ፈጣን ነው፣
ቃሉ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።
ገጽ ሦስት።