ለአዲሱ ቤት ምን ይግባለት

ግድግዳው ገና ነው፣ ቀለሙን አልጠጣም፤
የሲሚንቶው ሽታ ከሳሎን አልወጣም።
ከቦኩ ወዲህ ነው፣ ነፋስ ከሚያድርበት፤
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ዕቃ ጭኜ፣
ሚሌ ላይ ተኝቼ፣ ጋላፊ ባክኜ፣
ብሎኬት በብሎኬት ያቆምኩት ይህ ቤት።

ኦብሳ የሚባል ልጅ፣ ታብሌቱን ታቅፎ፣
ገባ በአቧራው ላይ ጫማውን አራግፎ።
"ሦስት ዓይነት አለን" አለኝ፣ "ሦስት ጥቅል፤
አንዱ ለሚቸኩል፣ አንዱ ለሚያስተውል፣
አንዱ ደግሞ..." ብሎ ዋጋውን ሲጠራ
ሳል ያዘኝ መሰለኝ፣ ወይም ያ አቧራ።

"ጋሼ፣ ከአልጋ ሳይወርዱ መብራቱ ይጠፋል፤
'ደህና እደር' ካሉት ቤቱ ይቆለፋል።"
"ለሱማ" አለች ዲንቂቱ፣ "ምን ገንዘብ ያስፈልጋል?
ሳናዘው፣ ሳንከፍል፣ በየማታው ይጠፋል።"

ሳቅን ሦስታችንም።
ከመስኮቱ ማዶ፣ ኮረብታው አናት ላይ፣
ነጫጭ ክንፎቹ ይዞራሉ እያየን፤
ነፋሳችንን ወስደው መብራት ያደርጉታል፣
መብራቱ ግን ወደኛ መንገዱ ይጠፋዋል።

ቀጥሎ የበሩን። "ቁልፍ ድሮ ቀረ፤
ጣትዎን እዚህ ጋ።" ጣቴን አስቀመጥኩት።
ቀይ መብራት።
በሱሪዬ ጠርጌ እንደገና ሞከርኩት።
ቀይ መብራት።
አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የግራውም፣ የቀኙም፤
የሸራ ገመድ በልቶታል፣ መስመሩ አይገኝም።
"የሚነበብ ነገር የለበትም" አለ ልጁ አፍሮ፤
ቤት የሠራው እጄ ደጅ ጠኚ ሆነ ዞሮ ዞሮ።
የዲንቂቱን ጣት ግን ወዲያው አወቀው፣ አረንጓዴ በራ፤
"በል እንግዲህ አንኳኳ" አለችኝ ስትኮራ።

ካሜራው ላይ ስንደርስ እኔ ነኝ የጓጓሁ፤
አዋሽ ላይ ቆሜ፣ ሳሎኔን ባየሁ ብዬ ስንቴ እንደተመኘሁ።
እሷ ዝም አለች።
የመስኮቱን ወርድ በስንዝር ለካች፣ ደግማ ለካች።
ከዚያ፣ ድምፅዋ ሳይጨምር፦
"አስራ አንድ ዓመት ብቻዬን ሳድር ምን ጎደለብህ?
ዛሬ ዓይን ልትቀጥርብኝ?
ልታየኝ ከፈለግህ፣
ቤት ና።"

ልጁ ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገ።
እኔ ጣሪያውን አየሁ፣ ያልተቀባውን።

ቆይታ ግን ጠየቀች፦
"ይሄ ሁሉ ጥበብ ውኃ ሲመጣ ያውቃል?
እዚህ ሰፈር ውኃ በሳምንት ሁለቴ፣ በሌሊት ይመጣል፤
ጆሮዬን ቧንቧው ላይ ጥዬ እተኛለሁ፤
እንቅልፍ የጣለኝ ለት፣ በነጋታው ጀሪካን ይዤ እዞራለሁ።"

የልጁ ፊት በራ።
"አለች! ትንሽ ናት፣ ርካሽ ናት፣ ከጥቅሉም ውጪ ናት፤
ሮቶው አፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ውኃው ሲነካት
ትጮኻለች። በባትሪ ነው፣ መብራት ቢሄድም።
ስልክ ላይም ትልካለች።"
"ለሱም?" አለች፣ በአገጯ ወደኔ እያሳየች።
"ለሱም፣ እትዬ፣ የትም ይሁን።"
"በቃ፣ እሷን።"

ሦስቱ ጥቅል ተጠቅልሎ ወደ ቦርሳው ገባ።
ለበሩ የድሮውን ቁልፍ ገዛን፣ ባለ ሁለት መክፈቻ፤
አንዱ ከሷ ጋር ነው፣
አንዱ ከመኪናዬ ቁልፍ ጋር ይንቃጨላል።

ትናንት ሌሊት፣ ጋላፊ፣ ሰልፉ አልነቃነቅ ብሎ፣
ሙቀቱ ጋቢና ውስጥ አጠገቤ ተደላድሎ፣
ስልኬ ብልጭ አለ። ዘጠኝ ከሃያ።
"ውኃ መጣ።"
ላኪ፦ ቤት።

አየኋት፣ ያለ ካሜራ፦
ፀጉሯን እያሰረች፣ በባዶ እግሯ፣
ቀዝቃዛው ሊሾ ላይ ወደ ጓሮ ስትወጣ፤
ባልዲውን፣ ሳፋውን፣ ድስቱን ሳይቀር ደርድራ፤
ቧንቧው መጀመሪያ ሲያስነጥስ፣ አየር ሲተፋ፣
ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ...

ከፊቴ ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ።
ከኋላዬ ጥሩምባ ነፉብኝ።
ቆዩ፣ አልኳቸው በመስኮት፣
ቆዩ እስቲ፣
ሮቶው ይሙላ።