ጳጉሜን የሌለው ዓመት

ዲሴምበር ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው፣
ዝናቡ ቂርያት ጋትን ከጥግ ጥግ ሲያጥበው፣
ከብየዳ ቤቴ፣ ልብሴን ሳልቀይር፣
የጀምበሬ ልጅ ዘንድ ሄድኩ ስለ ግብር።

ዘንድሮ፣ ተመስገን፣ ሥራ ሞልቶኝ ነበር፤
የሦስት ትምህርት ቤት አጥር፣ የክሊኒክ በር።
እጄ ገንዘብ አለ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት፤
"ሁሉንም ጡረታ አስገቢልኝ" አልኳት።

ሊአት ጸጉሯን በእርሳስ ከኋላዋ ወግታ፣
አማርኛዋን በዕብራይስጥ ባላ ደግፋ አንሥታ፣
"ጣሪያ አለው፣ ጋሼ" አለች፣ "እስከዚህ ድረስ ነው
ግብር የሚቀንሰው። ከዚያ በላይ ያለው
ይገባል፤ ግብሩ ግን እንዳለ ግብር ነው።"

ጣሪያ?
እኔ የማውቀው ጣሪያ ዝናብ ይከለክላል፤
ሊሞላ ለመጣ ገበሬ "ይበቃሃል" የሚል
ጎተራ አላውቅም።

"እሺ ያለፈውስ? እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩበት፣
አንዲት አጎራ እንኳ ያልጣልኩበት ዓመት፣
ጣሪያው እዚያ ማዶ፣ እኔ ወለሉ ላይ የተኛሁበት፣
ያ ሁሉ ባዶ ስፍራ፣ ያልሞላሁት ቦታ
ዘንድሮ ላይ ቢዞር ምናለ፣ ለአንድ አፍታ?"

"አይሻገርም" አለች፣ "የዓመቱ በዓመቱ፤
እንደ ሱቅ እርጎ ነው፤ ክዳኑ ላይ አለ ማለፊያ ዕለቱ።"

እኔ ግን አሰብኩኝ፦ ፀሐይ እንኳ ስትሄድ
በየዓመቱ የምትተርፋትን ሩብ ቀን ሜዳ ላይ አትሰድ፤
ትቋጥራታለች መቀነቷ ጫፍ ላይ፣ በአራተኛው ዓመት
ፈትታ ጳጉሜንን ስድስት ልታደርጋት።
የዚህ አገር ጨረቃም፣ ጉድለቷን አስልታ፣
አዳር የሚሉትን ወር ታመጣለች፣ ሁለት ጊዜ ጠርታ።
ሰማይ ያሻግራል። ግብር ቤት ብቻ ነው
ዓመቱን እንደ በር በላዬ የዘጋው።

"የይታይሽስ ነገር?" ባለቤቴን ማለቴ ነው፤
ሃያ ዓመት የሰው ደረጃ ጎንበስ ብላ ያጠበችው።
ነጥብ ሰጥተዋት ነበር፦ ለመጤ፣ ለእናት፣ ለሴት፤
ደመወዟ ግን ቀጭን፣ ግብር የማይደርስባት።
ነጥብ ከግብር ላይ ነው የሚቀናነሰው፤
ግብር ለሌለበት፣ ጥርስ ለሌለው ቆሎ ነው።

ሊአት ግን ጣቷን ስክሪኑ ላይ አቆመች።
"አንድ ዓመት" አለች፣ "ሁለት ቦታ ሠርታለች፤
ከሁለቱም ቆርጠዋል፣ ከሚገባው በላይ።
ይመለሳል። ግን ስድስት ዓመት ነው ወደ ኋላ የሚታይ፤
ያ ዓመት ስድስተኛው ነው።
ማክሰኞ ማታ ይወድቃል። ወረቀቱን አምጣ።"

ቀብላኑ ዘግቷል። ስልኩ አይነሣም።
የጫማ ካርቶን፣ የትራስ ልብስ፣ አልጋ ሥር ያለው ሻንጣ፣
በረበርን። ስንት ዓይነት ወረቀት ነው የመጣ!
የክትባት ካርድ፣ የወሊድ ቀጠሮ፣
የተከፈለ መብራት፣ ያልተከፈለ ውኃ፤
ያ ብቻ የለም።

የተገኘው ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ዋስትና ጋር ታጥፎ ነው፤
ያውም ጃንዋሪ ሁለት፣ ሠልስቱ ካለፈ ልቅሶ እንደ መድረስ ነው።

ይታይሽ ወረቀቱን በመዳፏ ዳሰሰች፣
ቁጥሩን አየችና ከልቧ ሳቀች፦
"ጳጉሜን ቢኖራቸው" አለች፣ "እነዚህ ሰዎች፣
ገና ሦስት ቀን ነበረን።"

እኔ እስከ ጣሪያው ድረስ፣ በቀኑ፣ አስገብቻለሁ።
በተረፈው ገንዘብ ዝፍት ገዝቻለሁ
ለዚያኛው ጣሪያ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሳሎን ላይ ለሚያፈሰው፤
ቀባሁት ትናንትና፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ነው።

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። አንድ ጠብታ የለም።
ባልዲው ግን እዚያው ነው፣ ከሶፋው አጠገብ፤
ይታይሽ አላነሣችውም።
"ለከርሞ ይሻገር" ትላለች።