ሃያ ደቂቃ

ሁለት ሰዓት ፍተሻ፣ ጫማ አውልቆ ሰልፍ፤
ሃያ ደቂቃ በረራ፣ ጣናን ለማለፍ።
አባታችን በታንኳ፣ ማገዶ ጭኖ ለጎርጎራ፣
ደሴት ደሴቱን ተጠግቶ፣ ማዕበሉን እየፈራ፣
ሦስት ሌሊት ያድር ነበር።

ዛሬ በመስኮት ሳየው፣ ያ ሁሉ ውኃ ትንሽ ነው፤
ዘጌን በአውራ ጣቴ ጋረድሁት፣ ደቅን ሳልለየው አለፍነው።

እኔና አንቺ ግን፣ አንጓች፣
በአባባ ጓሮ ሰበብ፣ በአንዲት ቆርቆሮ ጣራ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ጠበቃ ነው ለጠበቃ ያወራ።

«እኅቴ» ልበል? «እንዴት ከረምሽ»?
ቃሉን መርጬ ሳላበቃ
ውኃ ያቀበለችኝ ልጅ ብርጭቆዬን ተቀበለች፤
አለቀ ሃያ ደቂቃ።

ጎማው አዘዞን ነካ።
ምናለ በታንኳ በመጣሁ፣
እየቀዘፍሁ የማስብበት
አንድ ሌሊት እንኳ ባገኘሁ።