ደረሰኝ

እኔ መዝገብ ቤት ነኝ፣ ማርቆስ ከተማ፣
ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ምድር ቤት ጨለማ፤
ወረቀት በስቼ ፋይል የማስር ሰው፣
የሰውን ክስ በክር ስሰፋ የምውለው።
ዘንድሮ የመጣው ግን ክሩን በጠሰው፦
ሰባት ካርቶን ሙሉ፣ አንድ ተከሳሽ ሰው።

አቶ ስንሻው ይግዛው፣ የማደያው ጌታ፣
በየአዳራሹ የፊተኛው ቦታ
ስሙ የተጻፈበት።
ሲገባ ሰው ሁሉ ብድግ አለ ባንዴ፣
ተከሳሽ መሆኑን ረስቶት ነው እንዴ?
ዳኛ የገባ መስሎት የቆመም ነበረ፤
እኔም ቆሜ ነበር። ጉልበቴ አፈረ።

የማኅበሩ ስም ያምራል፦ «ምንጭ ለወገን»።
ለዓባይ በረሃ፣ ለደጀን ቆላ ጎን
ጉድጓድ ሊያስቆፍር ነው፣ ቧንቧ ሊያስዘረጋ።
ከዕድሩ ካዝና፣ ከመምህሩ ደሞዝ፣
ከጠላ ሻጭ መቀነት ብር ወረደ እንደ ወንዝ።
ከእኔም ሃምሳ ሃምሳ ዓመት ተቆረጠ፤
ፈርሜ ነው። ያኔ ማን እምቢ ብሎ አመለጠ?

ዘዴው ቀላል ነበር፣ ልጅ እንኳ ያውቀዋል፤
ከጥራዙ መሐል ካርቦኑ ይነሣል።
ለሰጪው ሁለት ሺህ፣ በቀሪው ሁለት መቶ፤
ዜሮዋ የት ሄደች? ማን ጠይቋት ከቶ?
አንዲት ክብ ምልክት፣ ባዶ የምንላት፣
ሦስት ፎቅ ሆቴል ተሠራባት።

ዐቃቤ ሕጓ የሰውዘር ቀጭን ናት፣ ድምፅዋም ዝግ ያለ።
ሽማግሌ መጣባት ካባ የለበሰ፦
«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ስንት እንባ ያበሰ!
መቅደሱን ቆርቆሮ ማነው ያለበሰ?»
ወንበር ሰጥታ ሰማች፣ ሽበቱን አክብራ፤
«ቆርቆሮው በማን ብር?» አለች ሳትፈራ።

አምስተኛ ምስክር፣ ወይዘሮ አንጓች ተሻለ።
ማለች። መቀነቷን ፈታች።
አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።
«ምን ይላል?» አሉ ዳኛው።
«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ጌታዬ፣
ልጄ ናት ያነበበችልኝ።
ደረሰኝ ይላል።
እኔን ግን ከወረቀቱ በቀር ምንም አልደረሰኝ።»

ችሎቱ ሳቀ። ቅኔ ቤት ያደገው
የተከሳሽ ጠበቃ ብዕሩን አስቀመጠ፤
ደመ ነፍሱ ቀድሞት ራሱን ነቀነቀ።

«ውሃው መጥቷል ወይስ አልመጣም?» አላት ኋላ።
«መጥቷልማ። የተመረቀ ለት።
ሪባኑ ሲቆረጥ ተንፎለፎለ፣ እልል አልን፣
ልጆቹ ታጠቡ፣ ሰንጋው ታረደ።
እኔ በእፍኜ ቀመስኩት፤ ናፍጣ ናፍጣ አለኝ።
ከጉብታው ጀርባ ዞር ብል
የማደያው ቦቴ ቆሟል፣ ጎማው ከቧንቧችን ተገጥሞ።
ማታ ቦቴው ሄደ፣
ውሃውም አብሮት ሄደ።»

የዓባይን ልጅ ተረት ያን ቀን ማንም አልጠቀሰም፤
ሁሉም በሆዱ አለው መሰለኝ።

ቀጠሮ ለጥቅምት። የዋስትናው ነገር ለማክሰኞ አደረ።
አቶ ስንሻው ጋቢውን አስተካክሎ፣
በፖሊስ መሐል ግራ ቀኝ እጅ እየነሣ ሲወጣ
ሰው አሁንም ቆመ።
እኔ ቁጭ ብዬ ክር እቋጥር ነበር።
ትልቅ ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ልጻፈው።

ሊመሽ ሲል አንጓች ከምድር ቤቱ በር መጣች፦
«ወረቀቴን ስጠኝ፣ መኪናው ሳይሄድብኝ።»
«እናቴ፣ ኤግዚቢት ሆኗል፣ ከፋይል አይወጣም፤
ካልሽ ለደረሰኝሽ ደረሰኝ ልቁረጥልሽ።»
ዝም ብላ አየችኝ፣
ጥራዙን አየች፣ እጄን አየች፦
«እንግዲያስ ካርቦኑን
እኔ እያየሁ አስገባው።»

አስገባሁ። ተጭኜ ጻፍኩ፣ ሦስተኛው ቅጠል ድረስ።
አጣጥፋ ከመቀነቷ ቋጠረችው፤
ከግቢያችን ቧንቧ የሞላችውን ቢጫ ጀሪካን
በጀርባዋ አዝላ በበሩ ወጣች።

ዘበኛው ደረሰኝ አልጠየቃትም።