ክፍሉ ውስጥ ማጠቢያ ያለው

ባሌ ዳንጊሶ ስልኩን ይዞ፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ
የናይሮቢን ሆቴሎች ይከፍታል፣ ይዘጋል ደጋግሞ።
«ይሄ መዋኛ አለው፤ ይሄኛው ቁርስ ያካትታል፤
ይሄ ከእህቴ ሠርግ አዳራሽ በእግር ያስኬዳል።»
እኔ ምስር እየለቀምኩ፣ አንገቴን ሳላቀና
«ማጠቢያ ማሽን አለው ወይ? ክፍሉ ውስጥ?» እላለሁ እንደገና።

ይስቃል። «ሴትዮ፣ ሰው ድንበር ተሻግሮ ልብስ ያጥባል እንዴ?
አሥራ ሦስት ዓመት አጥበሻል፤ ዕረፊ እስቲ አንዴ።»

እውነቱን ነው። አሥራ ሦስት ዓመት፣ ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር፤
ግን ሐይቁን ሳላይ፣ ከምድር ቤት፣ ከእንፋሎት ጋር።
አንሶላ በጋሪ ይመጣል፣ የሰው ሌሊት ጠቅልሎ፣
ለማንም ያልተነገረ ሁሉ እዚያው ላይ ተስሎ፦
የሙሽራዋ ሂና፣ የሽማግሌው ቅባት፣
ትራስ ላይ የቀረ ኩል፣ ስታለቅስ ካደረች ሴት።
እኛ ደግሞ አፍ አለን። ዘርፌሽዋል በተለይ
አንሶላውን ወደ አምፖሉ አንሥታ «የሁለት መቶ አራቱን አያችሁ ወይ?»
ስትል፣ ሳቃችን ከማሽኑ ጩኸት ይበልጣል፤
ለሳምንት የሚበቃ ወሬ ከአንድ ትራስ ይወጣል።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ክረምት፣ ከአዳማ የመጡ ነበሩ፤
ባል፣ ሚስት፣ ሦስት ልጆች፣ አሞራ ገደል ዓሣ በልተው ያደሩ።
የዚያን ቀን የክፍል ሠራተኛ ጎድሎ እኔ ተላክሁ።
አንኳኩቼ ገባሁ።
የአንዱ አልጋ ፍራሽ ራቁቱን ነው፤ አንሶላው የለም።
ሰገነቱ ላይ ተሰጥቶ ይንጠባጠባል፤ ገና አልደረቀም።
እናትየዋ፣ እጇ በሌሊት ውሃ ተጨማዶ፣
«ሻይ ፈስሶበት ነው» አለችኝ። ልጁ ከኋላዋ፣ ፊቱ ነዶ።
ክፍሉ ውስጥ አንድም ስኒ አልነበረም።
«ይፈሳል» አልኳት። ሌላ አልተናገርኩም።

ምሳ ሰዓት ላይ ግን ለዘርፌሽዋል ነገርኳት፤
ሻዩን እንዳለችው፣ በራሷ ድምፅ፣ አስመስዬ ተረክሁላት።
ሳቅን። እግዜር ይይልኝ፣ ሳቅን።

ያኔ ልጅ አልነበረኝም።

ኢዮስያስ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ፤
ታቦርን ሮጦ ይወጣል፤ ሌሊት ብቻ ነው አልሆን ያለን ለእኛ።
ፍራሹ ላስቲክ ለብሷል፤ ማንቂያው በአሥር ሰዓት ይጮኻል፤
አንዳንዴ እንደርሳለን፣ አንዳንዴ ሌሊቱ ይቀድመናል።
ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ በጨለማ፣ እርጥቡን በጉልበቱ ሸፍኖ፣
ዓሣ ገበያው ላይ እንደሚቆመው አባ ኮዳ አንገቱን በትከሻው ከድኖ።
አንነጋገርም። አንዱን ጫፍ ይይዛል፤ ሌላውን እይዛለሁ፤
ገንዳው ላይ እንጠመዝዛለን፤ ጠብታውን እቆጥራለሁ።

ዳንጊሶ ይሄን ያውቃል። ምድር ቤቱን ግን አያውቅም።
ሆቴል ባለበት አገር ሁሉ ምድር ቤት አለ፤ ሴቶቹም ዲዳ አይደሉም።
ደግሞ «ሻይ ፈስሶበት ነው» በስዋሂሊ እንዴት እንደሚባል አላውቅም።

«ይኸው!» አለ በመጨረሻ። «ኩሽና አለው፣ አራተኛ ፎቅ፤
ማጠቢያውም ክፍሉ ውስጥ ነው። ዋጋው ግን አያስቅ!
መዋኛ የለው፣ ቁርስ የለው…» ስልኩን ሰጠኝ። ከመጋረጃው ጀርባ
አንዲት ትንሽ ነጭ ማሽን፣ ክብ አፏ ዝግ፣
ወሬ የማታስወጣ፣ ሰው የማታስገባ።

ልጄ መጥቶ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ አየ፤
ፎቶዋን በሁለት ጣቱ አሰፋት፤ ትንሽ ቆየ።
«መዋኛ ግን የለውም» አለው አባቱ።
«ይሁን» አለ። ትሪው አጠገብ ተቀምጦ ምስር መልቀም ጀመረ፤
አንዲት ጠጠር አገኘና መዳፌ ላይ አኖረ።

ነገ ጋሪው ሲወርድ፣ ዘርፌሽዋል አንዱን አንሶላ ስትዘረጋ ወደ አምፖሉ፣
ምን እንደምላት አላውቅም።
ሻይ ነው እላለሁ ምናልባት።
ሻይ ነው በሉ።